ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ሰዓፍ

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ ሳጃና ገበያ ወጥቼ፣ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ሰዓፍ በውሃ ስታርስ ደረስኩ። ሰዓፍ እዚህ ካርቱም መጥረጊያውም፣ ምንጣፉም፣ የምግብ መክደኛውም የሚሠራበት የዘንባባ ቅጠል ነው። ደረቁን ቢያሸቱት ምንም አይልም። ውሃ ሲነካው ግን ዝናብ የመታው ገለባ ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ ጣፈጥ ያለ፣ ስም ያላወጣሁለት ሌላ ሽታ አለው። እግሬ እዚያው ተተከለ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና "ስንት እስር ልስጥሽ?" አለችኝ በዐረብኛ። ሁለት አልኳት። ሽንኩርቱን እዚያው ገበያ ረስቼ፣ የሚንጠባጠብ ሰዓፍ በክንዴ ይዤ ወደ ሰፈራችን ዴም ተመለስኩ። እናቴ በር ላይ ተቀብላ "ሽንኩርቱስ?" ስትለኝ ሰዓፉን ዘርግቼ አሳየኋት።

ያ ሽታ ለእኔ የልጅነት ጎረቤታችን የእትዬ ቶይባ ሽታ ነው። ሰዓፉን የገዛሁት ግን ለሽታው ብቻ አልነበረም። ከተማው በጦርነት ታምሶ ገዳሪፍ ተሰደን ከርመን ስንመለስ ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር አልጠበቀንም። አልጋው የለም፣ ማራገቢያው የለም፣ የመስኮቱ እንጨት እንኳ ተነቅሏል። የእናቴ ሙዳይ ግን ከበሩ ኋላ፣ ከምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ አገኘነው። ሌባ ምን ያደርግለታል! ክዳን ያላት የሣር ዕቃ ናት፣ ከሁለት እጅ መዳፍ የማትበልጥ። የነካት አይጥ ብቻ ነው። መክደኛዋን ከዳሩ በልቶት ስፌቱ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ነገ እጠግነዋለሁ፣ ነገ እጠግነዋለሁ እያልኩ ወራት አለፉ። ሰውን ሁሉ አትቸኩሉ ሲሉ የኖሩት እትዬ ቶይባ እንኳ በዚህ በዚህ ይቆጡኝ ነበር።

ያደግኩት እዚሁ ዴም ውስጥ፣ አምስት ክፍሎች ፊት ለፊት በሚተያዩበት ግቢ ነው። መሐል ላይ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከሥሩም ዚር የምንለው ትልቅ የውሃ ጋን ነበር። ተከራዮቹ የወሎ ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም የሰው ቤት ይሠራሉ፣ አብዛኞቹም እዚያው ስለሚያድሩ ክፍሎቹ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ እንደተቆለፉ ይውላሉ። እናቴ ሰዓዳም ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ትሠራ ነበር። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ትመጣለች፣ ዓርብ ሲመሽ ትመለሳለች። አባቴ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሳላውቀው ነው የሞተው። ቁመቱንና ሰልማ የሚለውን ስም ትቶልኛል። የቀረውን የሳምንት ቀን የምውለው ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዬን ነው፤ ማለትም ከእትዬ ቶይባ ጋር።

እትዬ ቶይባ ፊት ለፊታችን ያለውን ክፍል የያዙ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሴት ነበሩ። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሠርተው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው እቤት ቀሩ። "ሃያ ዓመት የሰው ቤት አስተካከልኩ፤ አሁን ተራው የኔ ነው" ይሉ ነበር። አቤት፣ ሲያስተካክሉት! ክፍላቸው ከእኛ ክፍል አትሰፋም፤ ግን ስትገባ ሰፊ ናት። ዐንገሬብ የሚባለው የጠፍር አልጋ ልብሱ እንደተወጠረ፣ የቆርቆሮው ሳጥን በአበባ ጨርቅ እንደተሸፈነ፣ አራቱ ብርጭቆዎች አፋቸውን ደፍተው በረድፍ። መደርደሪያው ላይ ጋዜጣ ያነጥፋሉ፤ የጋዜጣውን ጠርዝ በመቀስ እንደ ዘርፍ ከትክተው ወደ ታች ይለቁታል። ራዲዮኑ እንኳ በዳንቴል የተሠራ ልብስ ነበረው። ለጭልፋው ምስማር፣ ለወንፊቱ ምስማር፣ ከበሩ ኋላ ለመጥረጊያው ምስማር፤ ለሁሉም ነገር ምስማር ነበረው። ወስፌያቸው ብቻ ምስማር የላትም፤ ከሻሻቸው ላይ ተሰክታ አብራቸው ትዞራለች። ስፌት የጀመሩ ቀን የሚያርሱት ሣርና ሰዓፍ ክፍሏን ሁሉ ያውዳታል።

እኔ ግን በዚያን ጊዜ የቤት ልጅ አልነበርኩም። ዐሥር ዓመቴ ነው፣ እግሬ ረጅም፣ ልቤ ውጭ። አማርኛዬም የተሰበረ ነበር፤ እናቴ በአማርኛ ስትጠይቀኝ በዐረብኛ እመልሳለሁ። ወሎ ያለችው አክስቴ በስልክ "እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?" ስትለኝ "ኩዌይሳ"፣ ደህና፣ ብዬ ስልኩን ለእናቴ እወረውራለሁ። አንድ ረቡዕ ሻይ ላፈላ ካኑኑን፣ የከሰል ምድጃውን ማለት ነው፣ ከበራችን ሥር አያያዝኩና ውጭ አንድ ሪክሻ ጭቃ ውስጥ ገባ ሲባል ለማየት ሮጥኩ። ስመለስ መጋረጃው የለም። ፍራሹ ግማሹ ጠቁሯል፤ እትዬ ቶይባ ያንን ጉልበታቸውን ይዘው ከዚሩ ውሃ እየቀዱ ይደፋሉ።

እናቴ ሐሙስ መጥታ የጠቆረውን ግድግዳ አየች። ልትመታኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ይሻል ነበር። ደፍ ላይ ተቀመጠችና ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ወደ ጉልበቷ ሰብስባ "ኻላስ፣ በቃ" አለች። "እኔ የሰው ልጅ አጥባለሁ፣ የኔ ልጅ ቤት ታቃጥላለች። ለዐረፋ ወደ አገር የሚገባ ሰው አለ። እህቴ ጋ ትሂድ።"

በጣም ፈራሁ። ወሎን አላውቀውም፤ አክስቴን አላውቃትም። እናቴን የማገኘው ከሐሙስ እስከ ዓርብ ነበር፣ ግን እሱም ቢሆን እናት ማግኘት ነው። ያቺን አንድ ቀን ማጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዐሥር ዓመቴ በደንብ ገብቶኛል። አልቅሼ ስለምናት ግን ቃሉ ሁሉ የመጣልኝ በዐረብኛ ነበር፤ ይህም ይባስ አናደዳት።

ያኔ ነው እትዬ ቶይባ ከክፍላቸው የወጡት። "ሰዓዳ፣ እስከ ዐረፋ ስጪኝ" አሏት። ረመዳን በቅርቡ ነበር ያለቀው፤ ለዐረፋ ሁለት ወር ያህል ይቀራል።

"ምን ሊያደርጓት ነው እትዬ ቶይባ? የቤት ሥራ ሊያስተምሩልኝ? እኔ እሷን ከዚህ ለማራቅ አይደል እንዴ የምንከራተተው? ገረድ እንዳትሆን ነው እኮ!"

"ለሰው ሲሠሩት ነው ገረድነቱ። ለራስ ሲሠሩት ኑሮ ነው። የዐረፋ ዋዜማ ፆመሽ ትመጫለሽ፤ በገዛ እጇ ሠርታ ታስፈጥርሻለች፣ በአማርኛም ታነብልሻለች። ያን ጊዜ ካልወደድሽው ውሰጃት።"

እናቴ ወደ ጠቆረው ግድግዳ ዞር አለች። በመጨረሻ "እሺ" አለች፣ "ግን እስከዚያ አንዲት እሳት እንኳ ካየሁ ወላሂ ዐረፋንም ሳልጠብቅ እልካታለሁ።"

ነገሩ በዚህ ተቋጨ። እኔም በማግስቱ ምግብ ማብሰል የምማር መስሎኝ እጄን ታጥቤ ስቀርብ፣ እትዬ ቶይባ መጥረጊያ ሰጡኝ። ሳምንቱን ሙሉ መጥረጊያ ብቻ። መጀመሪያ ውሃ በጣት ይረጫል፣ አቧራው እንዳይነሳ። ከውስጥ ወደ ውጭ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይጠረግም። የተቀመጠ ሰው ባለበት አቅጣጫ አይጠረግም። "ያ ቢት፣ መሬቱን አታባርሪው፣ ሸዊያ ሸዊያ" ይሉኛል። በቀስታ፣ በቀስታ ማለታቸው ነው፤ "አንቺ ልጅ" የምትለዋ "ያ ቢት" ደግሞ ስሜ ሆና ቀረች። ከሳቸው ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም። የሻይ ቆርቆሮ የቅመም ዕቃ ይሆናል፣ ያረጀ ቀሚስ ድስት መያዣ ይሆናል። መጥረጊያም ሲያልቅ አይጣልም፤ "ከሰል ማያያዣ ነው" ብለው አለቃቅመው ያስቀምጡታል። ይህቺን ትምህርት በደንብ ያዝኳት። በኋላ እንደሚታየው፣ ከሚገባው በላይ ያዝኳት።

ከዚያ ድስቱ መጣ። እትዬ ቶይባ የሚያበስሉት ነገር ከወዲህም ከወዲያም ነበር። ዌካ የሚባለውን የደረቀ የባምያ ዱቄት ይዘው የሱዳኖቹን ሙላሕ የተባለ ወጥ ይሠራሉ፤ ግን ከወሎ የመጣ በርበሬ ጣል ያደርጉበታል። የሱዳን ጎረቤቶቻችን ቀምሰው አፋቸውን እያራገቡ ይስቃሉ፤ የወሎዎቹ ደግሞ "ይህ ምን ዓይነት ዝልግልግ ነው" ይላሉ፤ ሁለቱም ወገን ሳህኑን ባዶ ያደርገዋል። ሚስጥሩ ሽንኩርቱ ላይ ነበር። "አትዪው፣ ስሚው" ይሉኛል። "ሲዘፍን ውሃ አለው። ዝም ያለ ጊዜ ደርሷል።" እኔም ከካኑኑ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጆሮዬን ወደ ድስቱ አዘነብላለሁ። ውነታቸውን ነው፤ ሽንኩርት ይዘፍናል። ስንት ጊዜ አሳርሬው ነው ዝም ማለቱን የለየሁት! ያሳረርኩትንም አልደፉትም፤ እየበሉ "አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ጥርስ ያጠነክራል" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ንባብ ነው። እትዬ ቶይባ ፊደል የቆጠሩት ካደጉ በኋላ ሲሆን ከቁርኣናቸው ሌላ አንድ የአማርኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ብቻ ነበራቸው፤ የልጆች የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም የሌሉት። የሚጀምረው ከአንድ ተረት መሐል ነው፤ የመጀመሪያው መስመር "ብላ በሩን ከፈተችለት" ይላል። ማን ናት? ለማን ነው የከፈተችው? ምን ብላ? እስካሁን አላውቅም። በጣቴ እየተከተልኩ ያንን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላህ ይወቀው። ስሳሳት አያርሙኝም፤ "እስቲ ደግሞ በሩን ክፈችው" ይሉኛል።

እኔ ሳነብ እሳቸው ይሰፋሉ። የሚሰፉት ያቺን ሙዳይ ነበር፤ ለእናቴ፣ በሚስጥር። "እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ዕቃ አጠበች። ከአገሯ የመጣ የራሷ ዕቃ አንድ የላትም" አሉኝ። ሣሩ አክርማና ስንደዶ ነው፤ ከወሎ በመተማ በኩል በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ። ጠረፍ ላይ ፖሊሱ ሻንጣውን ከፍቶ ሣሩን ሲያይ "ካርቱም ፍየል የሚበላው አጥቶ ነው?" ብሎ መሳቁን ስንት ጊዜ አወሩልኝ። እኔ የማውቀው ሣር ግን የራሰ፣ ቀይና ጥቁር የተነከረ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥቂት ጥቂት የሚወጣው ነበር። የቀረው ምን እንደሚመስል፣ የት እንዳለ አይቼም ጠይቄም አላውቅም። እኔም እንድሞክር ሰጥተውኝ ነበር፤ ሦስት ቀን የሰፋሁትን በአንድ እስትንፋስ ፈትተው "አሁን እንደገና" አሉኝ። በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ልክ ነበሩ፤ የሰፋሁት ነገር ክብ መሆኑን እንኳ እጠራጠራለሁ።

ዋዜማው ደረሰ። ሙዳዩ አልቆ የመክደኛው ዳር ብቻ አራት ዙር ይቀረዋል። እትዬ ቶይባ በማለዳ ሳጥናቸውን ከፍተው የመጨረሻውን ደረቅ ሣር እርጥበት እንዳይዘው ብለው ከበሩ ኋላ፣ ከመጥረጊያው አጠገብ ከተረፈ ምስማር ላይ ሰቀሉት። እኔ ይህን አላየሁም፤ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ከዚያ ቶባቸውን ለብሰው ሳጃና ያለች አራስ ሊጠይቁ ተነሱ። "ከዙህር ሶላት በኋላ እሳት እናያይዛለን። እኔ ሳልመጣ ካኑኑን እንዳትነኪ" ብለውኝ ወጡ።

አልነካም ብዬ ነበር። ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ ዌካውን ነፋሁ፣ ብርጭቆ አጠብኩ፣ ሁለቱንም ክፍል ጠረግኩ። ሥራው ሁሉ አለቀብኝ። ልቤ ግን አላርፍ አለ፤ እሳቸው ሲመጡ ድስቱ ተጥዶ ቢያገኙ፣ እናቴ ስትመጣ ሁሉ ነገር ዝግጁ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ካኑኑን ከግቢው መሐል፣ ከመጋረጃ ከምናምን አርቄ አስቀመጥኩት፤ የዚያን ጊዜውን ጥፋት እንዳልደግም ነው። ከሰሉ ግን እምቢ አለ። ወረቀት ሞከርኩ፣ እምቢ። ማያያዣ ስፈልግ ከበሩ ኋላ አንድ ያለቀ መጥረጊያ ተሰቅሎ አየሁ። አናቱ ላይ የታሰረ፣ ቀጫጭን፣ ደረቅ። ከአዲሱ መጥረጊያ አጠገብ ነው ያለው፤ ያረጀው ይሄ ነው ማለት ነው። ያለቀ መጥረጊያ ከሰል ማያያዣ ነው። እንዲያውም ኮራሁ፤ ትምህርቴን በተግባር ማዋሌ ነው። በጉልበቴ ሰብሬ ካኑኑ ውስጥ ከተትኩት።

ወዲያው ቦግ አለ። ሽታው ግን የመጥረጊያ አልነበረም። ጣፋጭ ነበር። ምንድን ነው ብዬ ጎንበስ ስል የግቢው በር ተከፈተና እትዬ ቶይባ ገቡ።

ቆሙ። አፍንጫቸው ነው መጀመሪያ የነገራቸው። ሳይጮኹ፣ እኔንም ሳያዩ ከዚሩ አንድ ጣሳ ውሃ ቀድተው ካኑኑ ላይ ደፉበትና በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው፣ ከሚንሾሾው ከሰል መሐል በባዶ እጃቸው ይለቅሙ ጀመር። ግማሹ ከስሏል፣ ግማሹ ጫፉ ብቻ ጠቁሯል። "ሣሬን" አሉ በቀስታ። ያን ጊዜ ገባኝ።

"የሙዳዩ ነው?" አልኩ። መልቀማቸውን ቀጠሉ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሣሩ አልነበረም ያለቀስኩት፣ ልዋሽ አልችልም። "እናቴ ትልከኛለች፣ እሳት ካየሁ ብላለች፣ ትልከኛለች" እላለሁ።

እትዬ ቶይባ የለቀሙትን ጉማጅ በቀሚሳቸው ኪስ ከተቱ። ሊጥሉት መሰለኝ። ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉና "እጅሽ ተቃጥሏል?" አሉኝ።

"አልተቃጠለም።"

"ሽንኩርቱ ተከትፏል?"

"ተከትፏል።"

"እንግዲያው ቤቱ ደህና ነው። ያላ፣ ተነሺ። መንገድ ማዶ ካለው መጥረጊያ ሠሪ ዘንድ ሄደሽ ሁለት እስር ሰዓፍ አምጪልኝ። ሮጠሽ አይደለም፤ ረግጠሽ።"

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ጊዜያት ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ፀሐዩ የተለመደው የካርቱም ፀሐይ ነበር፤ ሁለታችንም ፆመኛ ነን፣ ምላሳችን ደርቋል። እትዬ ቶይባ ኒሙ ሥር ሰዓፉን አርሰው ይሰፋሉ፤ ሰዓፍ ከሣሩ ሰፋ ስለሚል ቶሎ ቶሎ ይሄድላቸዋል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ዳግም ባያያዝነው ካኑን ላይ ሙላሑን እሠራለሁ። ዘወር ብዬ አላያቸውም፤ ማየት አፍሬ ነው። ፆም ስለሆነ መቅመስ የለም። ከኋላዬ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል።

"ይዘፍናል?"

"ይዘፍናል።"

ትንሽ ቆይተው፣ "አሁንስ?"

"ዝም አለ።"

"ውሃ ጨምሪ። ጨዉን እጅሽ የሚያውቀውን ያህል።"

እጄ ምን እንደሚያውቅ እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን ጨመርኩ። ዌካውን እየበተንኩ ሳማስል ወጡ ቀስ በቀስ ሲወፍር፣ ማማሰያውን ሳነሳው እንደ ክር ሲሳብ አየሁ። ሆነልኝ። ከኋላዬ ወስፌው ሰዓፉን ሲወጋ ጭርጭር ሲል እሰማለሁ። ያን ሰዓት ብትልከኝም ባትልከኝም አንድ ነገር መሥራት እንደምችል አውቄ ነበር።

እናቴ ዐስር ሶላት ሲቃረብ መጣች። በእጇ ትልቅ የላስቲክ ቦርሳ ይዛለች። ለአክስቴ የሚሄድ ነጠላ፣ ለእኔ አዲስ ቀሚስና የመንገድ ጫማ ነበር። ቦርሳውን ሳይ የሠራሁት ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። እናቴ ክፍላችን ገባች። የጠቆረውን ግድግዳ በኖራ ቀብተነዋል፤ አዲሱን መጋረጃ ሰፍተነዋል፤ ብርጭቆዎቹ አፋቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። ጣቷን በመደርደሪያው ላይ አሳልፋ አየችው። ሃያ ክፍል ስታጸዳ የምትውል ሴት እንዴት እንደምታይ አትጠይቁኝ።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ በተምርና በውሃ ፈጠርን። ሙላሑን አቀረብኩ፣ ከግቢው በር ከምትሸጠው ሴትዮ ከገዛነው ስስ የማሽላ ኪስራ ጋር። እናቴ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ዐይኖቼን ከአፏ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

"ጨው አንሶታል" አለች።

"ፆመኛ የሠራው ነው" አሉ እትዬ ቶይባ፣ ቀና ሳይሉ።

እናቴ ሁለተኛ ጎረሰች። ከዚያ ሦስተኛ። ሳህኑን ጨርሳ ኪስራውን ጠርዙ ላይ አዙራ ጠረገችበት። ከዚያ መጽሐፉን አመጣሁ። ፊደል የማታውቅ እናቴ ፊት፣ የመጀመሪያውን መስመር ጣቴን ሳላስከትል አነበብኩላት። "ብላ በሩን ከፈተችለት።"

"ለማን?" አለች እናቴ።

"ገጹ የለም" አልኳት፣ በአማርኛ። "ከዚህ ነው የሚጀምር።"

"ለእንግዳ ነዋ፣ ለማን ይሆናል!" አለች እናቴ ቆጣ ብላ። "ቀጥዪ።" ቀጠልኩ። እናቴ የጨመረችው እንግዳ እስከ ገጹ መጨረሻ አብሮን ቆየ።

ከዚያ እትዬ ቶይባ ሙዳዩን አወጡ። እናቴ እጇን በቶቧ ጠረገችና ተቀበለቻት። አካሏ ቀይና ጥቁር፣ መክደኛዋም ከመሐሉ እንዲሁ፤ ከዚያ በድንገት ዳሩ አራት ዙር ነጭ ሰዓፍ ይሆናል። የካርቱም የመንገድ ዳር መክደኛ የሚመስል። እናቴ በጣቷ እያዞረች "ዳሩ ምነው ሌላ ሆነ?" አለች። አቀረቀርኩ።

"ሣሩ አለቀብኝ" አሉ እትዬ ቶይባ። "ያገራችን ሣር እስከዚህ ነው የደረሰው። የቀረውን በዚሁ አገር ጨረስኩት። ልጅሽስ እንደዚሁ አይደለች?"

እናቴ መክደኛውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ረጅም ጊዜ ያዘችው። ያገሯ ሽታ ናፍቋት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቦርሳውን ሳበች፣ ጫማዎቹን አወጣችና ፊቴ አስቀመጠቻቸው። "እነዚህን ለትምህርት ቤት ታድርጋቸው" አለች። የተናገረችው ለእትዬ ቶይባ ነው፣ እኔን አላየችኝም። የሳጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ ፈትታ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተችና ከደነችው። ነጠላው ብቻ ነው ወሎ የሄደው።

እትዬ ቶይባ ሁለተኛ ደረጃ እስክጨርስ ድረስ ፊት ለፊታችን ኖሩ። ከዚያ ጉልበታቸው ደጋውን ናፈቀ አሉና ወደ ወሎ፣ የወንድማቸው ልጆች ዘንድ ገቡ። ሲሄዱ ወስፌዋን ከሻሻቸው ነቅለው ሰጡኝ፤ ሌላ ስጦታ፣ ሌላ ንግግር አልነበረም። መሞታቸውን የሰማነው በስልክ በተላከ ድምፅ ነው። ዱዓ አደረግንላቸው። ከዚያ እናቴ ሙላሕ ሠራች፣ በርበሬ ጣል አድርጋበት።

ባለፈው ሳምንት፣ ሽንኩርት የረሳሁ ዕለት፣ ሰዓፉን በሳፋ ዘፍዝፌ ሙዳዩን ከምስማሩ አወረድኩ። ኒሙ ዛሬም አለ፤ ከሥሩ ተቀመጥኩ። እናቴ ከጎኔ ዐንገሬቡ ላይ ሆና ምስር ትለቅማለች፤ ዐይኗ ደከም ቢልም ጠጠር አያመልጣትም። አይጥ የበላውን ዳር በወስፌው ጫፍ ፈታሁት። የሰዓፉ ጥቅልል ሲላቀቅ ከውስጡ አንድ ጥቁር ነገር ጭኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ሳነሳው ጣቴ ጥላሸት ሆነ።

የሣር ጉማጅ ነበር። ጫፉ የከሰለ። እስከ አራተኛው ዙር ድረስ ሰዓፉ በየጥቅልሉ ውስጥ የያዘው እሱን ነው። ያኔ ከካኑኑ የተለቀመው፣ በቀሚስ ኪስ ገብቶ የተጣለ የመሰለኝ። አንዱም አልተጣለም። እትዬ ቶይባ ጥፋቴን ለእናቴ በሰጡት ስጦታ ውስጥ ጠቅልለው ሰፍተውታል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት ሳዳምጥ።

አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ይሁን አዝኜ አላውቅም። ለእናቴ በእጄ ዘርግቼ አሳየኋት። ምስር መልቀሟን እንኳ አላቆመችም።

"አሁን ነው ያየሽው?" አለችኝ።

"ታውቂ ነበር?"

"ያን ዕለት ሸትቶኛል። የተቃጠለ አክርማ ይጠፋኛል እንዴ? ከሱ ጋር አይደል ያደግኩት?"

"እሳት ካየሁ ዐረፋንም ሳልጠብቅ እልካታለሁ ብለሽ አልነበር?"

እናቴ አንዲት ጠጠር አግኝታ ወደ ግቢው ወረወረቻት። "ከእሳት ለቅሞ የሚሰፋልሽ ሰው እዚህ እያለ" አለች፣ "ወዴት ነው የምልክሽ?" ከዚያ ቆይታ፣ "ሽንኩርቱን ደግሞ ዛሬም አላመጣሽም" አለችኝ።

ጉማጆቹን ከጭኔ ላይ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ወደ ቦታቸው መለስኳቸው፣ በአዲሱ ሰዓፍ ጠቀለልኳቸውና መስፋት ጀመርኩ፤ ሸዊያ ሸዊያ።